ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተርን የቤተሰብ ቪዲዮ ማኅደር ማድረጊያ መመሪያ

የታላቅ እህቴ ሠርግ የተቀዳበት ዲቪዲ 40ኛው ደቂቃ ላይ ይቆማል። ሙሽሮቹ ከመኪናው ወርደው እልልታው ሲቀልጥ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ማጫወቻው ጥቂት ታግሎ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ጠራርገነዋል፤ ጎረቤት ወስደን በሌላ ማጫወቻም ሞክረነዋል። ከዚያች ደቂቃ አላልፍ አለ። ደግነቱ ዲቪዲው የተገለበጠበት ቪኤችኤስ ካሴት እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

ያ ካሴት ዛሬ ፋይል ሆኗል። ሳሎን ባለው ቲቪም ሆነ በማንኛችንም ስልክ ይከፈታል። የሚያጫውተው ደግሞ ዕድሜው ደርሷል ተብሎ ከቢሮ የወጣ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ቪዲዮው ከኮምፒውተሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ይሄዳል እንጂ ከቤት ስለማይወጣ ከኢንተርኔት ፓኬጃችን ላይ ምንም አይቀንስም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እርስዎም በትንሽ ወጪ እንዲህ ያለ የቤት ሚዲያ ሰርቨር እንዲሠሩ ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን ገንዘብ ያስከፈለኝን ስህተት ልንገርዎት። ኮምፒውተሩን እንደገዛሁ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። «ራም አንሶት ነው» ብዬ 8 ጊጋባይት ጨመርኩ፤ ምንም ለውጥ አላየሁም። የሚሠራውን ሥራ ቁጭ ብዬ የተመለከትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ራሙ ግማሹ ባዶ ነበር፤ የተጨናነቀው ሃርድ ዲስኩ ነው። በኤስኤስዲ ስቀይረው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ማሻሻያ ላይ የማልጥሰው ደንብ አለኝ፦ መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ይግዙ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ደንብ የተከተሉ ናቸው።

የሚያስፈልግዎት

• ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ፤ ኢንቴል ኮር አይ5 ቢሆን ይመረጣል
• ለሲስተሙ ከ240 እስከ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ
• ለቪዲዮዎቹ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ፤ 4 ቴራባይት ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል
• 8 ጊጋባይት ራም
• ኔትወርክ ኬብል፣ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ፣ የመስቀል ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ
• ዩፒኤስ
• ካሴት ካለዎት የሚሠራ ቪኤችኤስ ማጫወቻና በዩኤስቢ የሚሰካ የቪዲዮ መቅጃ

ደረጃ 1፦ ማሽኑን ይምረጡ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይቀበልም። በዚህ ምክንያት 6ኛና 7ኛ ትውልድ ማሽኖች ምንም ሳይጎድላቸው ከየቢሮው ይወጣሉ። ለቪዲዮ ማኅደር ከበቂ በላይ ናቸው።

ትውልዱን ከስሙ ያውቁታል። አይ5-7500 ሲል የመጀመሪያዋ 7 ሰባተኛ ትውልድ ማለቷ ነው፤ አይ5-8500 ስምንተኛ ነው። ይህ ቁጥር ለእኛ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። ቲቪው አንድን የቪዲዮ ዓይነት ማንበብ ሲያቅተው ሰርቨሩ ቲቪው ወደሚያውቀው ዓይነት እየለወጠ መላክ አለበት፤ ይህ ትራንስኮድ ይባላል። በፕሮሰሰር ጉልበት ብቻ ከተሠራ ማሽኑን ያንቀዋል። ኢንቴል ግን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኩዊክ ሲንክ የተባለ ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገብቷል። 6ኛው ትውልድ ኤችኢቪሲ ከተባለው የቪዲዮ ዓይነት የተለመደውን ባለ 8 ቢቱን ይችላል። 7ኛው ባለ 10 ቢቱን ይጨምራል፤ የዛሬዎቹ የ4ኬ ፊልሞች አብዛኞቹ ባለ 10 ቢት ናቸው። ስለዚህ ከቻሉ ከ7ኛ ትውልድ አይውረዱ።

ስማቸውን ይዘው የሚጠይቋቸው ሦስት ሞዴሎች፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 እና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም920። ሦስቱም 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚይዙ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላሉ። ሞዴሉ በመጠን ይለያያልና ይጠንቀቁ። በመዳፍ የምትያዘዋ ሚኒ ለዓይን ደስ ትላለች፤ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ግን አይገባባትም። መካከለኛዋን ወይም ታወሩን ይምረጡ።

ሱቅ ሲሄዱ ሻጩ «ስላይትሊ ዩዝድ ነው» ስላለዎት ብቻ አይክፈሉ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱና እዚያው ያስነሱት። ሃርድ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳይዎታል፤ አንድ ዓመት ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። ከሰዓቱ በላይ የሚያስፈራው የተበላሹና በሌላ የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ «ጉድ» ከማለት ይልቅ በቢጫ «ኮሽን» ካለ ማሽኑን ቢገዙም ያን ዲስክ ለቤተሰብ ቪዲዮ አይመኑት። የዩኤስቢና የኔትወርክ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሰክተው ይሞክሩ። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ቀርተው ካገኟቸው አይደንግጡ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃ ነው።

ደረጃ 2፦ ከመክፈትዎ በፊት ይለኩ

ኮምፒውተሩን አስነስተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ገጽ መርጠው ዘወትር የሚያደርጉትን ያድርጉ፦ ፊልም ይክፈቱ፣ ትልቅ ፋይል ይገልብጡ። ዓይንዎ ከአራቱ መስመሮች አይነሳ።

• ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ችግርዎ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ ይፈታዋል።
• ራሙ ከ85 ከመቶ በላይ ከሆነ ራም ይጨምሩ።
• ፕሮሰሰሩ 100 ከመቶ የሚደርሰው ቪዲዮ ሲጫወት ብቻ ከሆነ ኩዊክ ሲንክ አልበራም ማለት ነው፤ ደረጃ 5 ላይ እናበራዋለን።
• ሁሉም ዝቅ ብለው ሳለ ቪዲዮው የሚቆራረጥ ከሆነ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው፤ ኔትወርኩን ይመርምሩ።

ይህ የአሥር ደቂቃ ምልከታ በሺህ የሚቆጠር ብር ያድናል።

ደረጃ 3፦ ይክፈቱ፣ ያጽዱ

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ5 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ውስጡን ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ሰውነትዎ ላይ የተጠራቀመው የማይታይ ኤሌክትሪክ ወደ ቺፕ እንዳይሄድ ይከላከላል። ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አይሥሩ።

ፓወር ሰፕላዩን ፈጽሞ አይክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አቧራውን በብሩሽ ያራግፉ። ፋኑን ሲያጸዱ በአንድ ጣት ያዝ አድርገው ይሁን፤ በነፋስ እንዲሽከረከር ከለቀቁት ይጎዳል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ለዓመታት ካልተነካ ይፍቱት፤ የደረቀውን ቅባት በአልኮል በነከሩት ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው አዲስ የሙቀት ቅባት ይቀቡ። የምስር ክክ የምታህል ጠብታ መሃል ላይ ትበቃለች፤ ማቀዝቀዣው ሲጫናት ራሷ ትሰፋለች። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ።

ደረጃ 4፦ ኤስኤስዲ፣ ሃርድ ዲስክና ራም ይግጠሙ

በአሮጌ ማሽን ላይ ከሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማዎት ኤስኤስዲ ነው። ጥሩ የሚባል ሃርድ ዲስክ ትልቅ ፋይል ሲያነብ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል፤ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ 550 ይደርሳል። ትንንሽ ፋይሎች ላይ፣ ሲስተሙ ሲነሳ ማለት ነው፣ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል። ማዘርቦርድዎ የኤም.2 ስሎት ካለው ኤንቪኤምኢ የተባለውን የኤስኤስዲ ዓይነት ይግጠሙ፤ ፍጥነቱን ብለው ሳይሆን የሳታ ገመዱን ለትልቁ ሃርድ ዲስክ ለማስቀረት።

ቪዲዮ ማከማቻ ግን ኤስኤስዲ መሆን አያስፈልገውም። አንድ ፊልም በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሜጋባይት ቢፈልግ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ይህን ሳይደክም ይሰጣል። ለደህንነት ካሜራ መቅጃ ተብለው የሚሸጡት ሃርድ ዲስኮች 24 ሰዓት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ስለሆኑ ለዚህም ይሆናሉ። አዲሱ 4 ቴራባይት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 3.63 ቴራባይት ሆኖ ቢታይዎት ተታለልኩ አይበሉ፤ ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው። ዲስኩን ከመግዛትዎ በፊት ግን ኬዙ ውስጥ የተረፈ የሳታ የኃይል ገመድ መኖሩን ያረጋግጡ። በቢሮ ማሽኖች ኃይሉ ብዙውን ጊዜ በፋብሪካው የራሱ ዓይነት ገመድ ከማዘርቦርዱ ይመጣል፤ ገመዱ ሱቅ ላይ በቀላሉ አይገኝም።

ራሙን ሲገዙ ዓይነቱ ይለይ። ዲዲአር3 240 እግር፣ ዲዲአር4 288 እግር ስላላቸው አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት በጥንድ ቢገጥሙ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ይፈጥናል። ሥሩ ላይ ያለችውን ክፍተት ከስሎቱ ጉብታ ጋር አስተያይተው ሁለቱ ጫፎች «ቀጭ» እስኪሉ እኩል ይጫኑ።

ደረጃ 5፦ ሲስተሙንና ጄሊፊንን ይጫኑ

8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ ዊንዶውስ 11 ይጫኑ። 6ኛ ወይም 7ኛ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን እመክራለሁ፤ ነፃ ነው፣ ገጽታው ለዊንዶውስ ተጠቃሚ አይከብድም።

ቀጥሎ ጄሊፊን የተባለውን ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ። ጄሊፊን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የተወለደው ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ኮዱን ለሕዝብ መክፈት ሲያቆም፣ ቀድሞ የተከፈተውን ይዘው በቀጠሉ በጎ ፈቃደኞች ነው። ክፍያ የለውም፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ቤት ውስጥ ይሠራል። ፕሌክስ የተባለው ተወዳዳሪው የተሻለ ውበት አለው፤ ነገር ግን በኩዊክ ሲንክ ትራንስኮድ ለማድረግ ክፍያ ይጠይቃል።

ከጫኑ በኋላ፦

1. እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብራውዘር ከፍተው በአድራሻው ቦታ 127.0.0.1:8096 ብለው ይጻፉ።
2. የአስተዳዳሪ ስምና ጠንካራ የይለፍ ቃል ያውጡ።
3. «ፊልሞች»፣ «ተከታታይ» እና «የቤተሰብ» የሚሉ ሦስት ማኅደሮች ይፍጠሩ፤ ለሦስተኛው ዓይነቱን የቤት ቪዲዮና ፎቶ ያድርጉት።
4. ዳሽቦርድ ውስጥ ፕሌይባክ፣ ከዚያ ትራንስኮዲንግ ገብተው ኢንቴል ኩዊክ ሲንክን ይምረጡና ያስቀምጡ።
5. ዊንዶውስ ከሆነ የቤትዎ ኔትወርክ «ፕራይቬት» ተብሎ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ «ፐብሊክ» ከሆነ ቲቪው ሰርቨሩን አያገኘውም።

ደረጃ 6፦ ካሴቶቹንና ዲቪዲዎቹን ወደ ፋይል ይለውጡ

የሥራው ልብ እዚህ ነው፤ አይቸኩሉበት። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ በገንዘብ ይተካል። ካሴቱ ላይ ያሉት ሰዎች ግን አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

መጀመሪያ ካሴቱን በመስኮቱ በኩል ይመልከቱት። ጥቁሩ ክር ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነው፤ ማጫወቻ ውስጥ አያስገቡት፤ የማጫወቻውን ራስ አቆሽሾ ሌሎቹንም ካሴቶች ያበላሻል። ንጹሕ ከሆነ ሳያጫውቱ አንዴ እስከ ጫፍ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ያጠንጥኑት። ለዓመታት የተጣበቀው ክር ይላቀቃል።

ማጫወቻውን በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ከቪዲዮ መቅጃው ጋር፣ መቅጃውን ደግሞ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ። ለመቅዳት ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። የቪዲዮ ሥርዓቱን ፓል ያድርጉት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀዱ ካሴቶች በፓል ናቸው፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ካሉ ዘመዶች የተላኩ የሠርግና የክርስትና ካሴቶች ካሉዎት ግን እነዚያ በኤንቲኤስሲ የተቀዱ ስለሆኑ በሰከንድ 30 ምስል ገደማ ይሄዳሉ። ማጫወቻዎ ሁለቱንም የሚያነብ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንከባለለ ይመጣል። ካሴቱን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ይለዩ።

የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሜጋቢት ቢቀዱ አንድ ሰዓት 2 ጊጋባይት አካባቢ ይይዛል፤ ለቪኤችኤስ ጥራት በቂ ነው። ሲጨርሱ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ከፍተው ዲኢንተርሌስ የሚለውን ያብሩ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ የሚታየው የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይጠፋል። መጀመሪያ የቀዱትን ፋይል ግን አያጥፉት።

ፎቶ ቤት የሠራቸው የሠርግ ዲቪዲዎች አብዛኛውን ጊዜ መቆለፊያ የላቸውም፤ ሃንድብሬክ በቀጥታ ያነባቸዋል። ገዝተው ያስቀመጧቸውን ፊልሞች በተመለከተ ደግሞ ለራስዎ ቤት ብቻ ይጠቀሙባቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠሪዎቹን መብት ይጠብቃል። የአገራችን ፊልም ሠሪ የሚኖረው ሥራው ሲገዛለት ነው።

ደረጃ 7፦ ፋይሎቹን ይሰይሙ፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ያስተካክሉ

ጄሊፊን ፊልሙን የሚያውቀው በስሙና በወጣበት ዓመት ነው። ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱ ፎልደር ይኑረው። የኃይሌ ገሪማ ጤዛ ከሆነ ፎልደሩ በላቲን ፊደል የፊልሙን ስም፣ ቀጥሎ በቅንፍ 2008 ይይዛል። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን። ለተከታታይ ድራማ ኤስ የተባለውን የላቲን ፊደል ከ01 ጋር፣ ኢ የተባለውን ከ01 ጋር አጣምረው ይጻፉ፤ ምዕራፍ አንድ፣ ክፍል አንድ ማለት ነው። ብዙ የአገራችን ፊልሞች ጄሊፊን በሚጠይቀው መዝገብ ላይ ስለማይገኙ ሽፋናቸውን ፎልደሩ ውስጥ በምስል አስቀምጠው መግለጫውን በእጅዎ ይሙሉ።

የቤተሰብ ቪዲዮዎችን ግን በአማርኛ ይሰይሟቸው፤ ፕሮግራሙ ይቀበላል። ዓመቱን አስቀድመው ዝግጅቱን ያስከትሉ፦ «1994 የእህቴ ሠርግ»። በዓመት ተሰልፈው ይመጡልዎታል። ዓመቱን የማያውቁት ካለ ታላላቆችዎን ዛሬውኑ ይጠይቁ። እናቴ አንዱን ካሴት ያወቀችው በለበሰችው ቀሚስ ነው።

የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ፊልም ላይ ከፊደል ይልቅ ባዶ ሣጥን ከመጣ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ጽሑፉን በኖትፓድ ከፍተው በዩቲኤፍ-8 ያስቀምጡት። ሁለተኛ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ ፎንት አንድ ፎልደር ውስጥ አስገብተው በጄሊፊን የፕሌይባክ ማስተካከያ ላይ የመጠባበቂያ ፎንት ፎልደር አድርገው ያመልክቱት። እንዲያም ሆኖ ቲቪው ራሱ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፉ ምስሉ ላይ ተቀርጾ እንዲላክ ይምረጡ፤ ይህ ትራንስኮድ ስለሚጠይቅ ነው ደረጃ 1 ላይ ስለ ትውልዱ አጥብቄ ያሳሰብኩት።

ደረጃ 8፦ ኔትወርኩን ያጠናክሩ

እዚህም ለክተው ይግዙ። 1 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ከሰርቨሩ ወደ ላፕቶፕ በዋይፋይ ይገልብጡና ሰዓት ይያዙ። 100 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 80 ሜጋቢት ነው። ጥሩ የፉል ኤችዲ ፊልም 10 ሜጋቢት አካባቢ ስለሚፈልግ ይህ ይበቃዎታል፤ አዲስ ራውተር አይግዙ።

ካልበቃ ሰርቨሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር ያገናኙ። ካት5ኢ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያደርሳል። ሰርቨሩ በዋይፋይ ከሆነ ቪዲዮው በአየር ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ ወደ ራውተሩና ከራውተሩ። አንዱን ጉዞ ገመድ ላይ ማድረግ ብቻውን ብዙ ያቃልላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም የኮንክሪት ግድግዳ ይከብደዋል፤ ግድግዳ ለተሻገረ ክፍል 2.4 የተሻለ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱንም ይሞክሩ። በመጨረሻም ራውተሩ ውስጥ ገብተው ለሰርቨሩ የማይለወጥ አይፒ ይስጡት፤ ካልሆነ ራውተሩ በጠፋና በበራ ቁጥር ቲቪው ሰርቨሩን ሊያጣው ይችላል።

ደረጃ 9፦ ቲቪውንና የጌም ማጫወቻውን ያገናኙ

አንድሮይድ ቲቪ፣ ኤልጂ ቲቪና ስልኮች የጄሊፊን አፕሊኬሽን አላቸው። ኤክስቦክስ ዋንና ከዚያ በኋላ የመጡትም አላቸው። ይህ ለኤክስቦክስ የቆየ ዝምድና ነው፦ ዛሬ ኮዲ የምንለው ዝነኛ የሚዲያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ላይ ተጀምሮ ነው በ2014 ስሙን የለወጠው። ፕሌይስቴሽን ላይ ይፋ የሆነ የጄሊፊን አፕሊኬሽን የለም፤ ፕሌክስ ግን ፒኤስ4ም ፒኤስ5ም ላይ ይሠራል። ቲቪዎ አሮጌ ከሆነ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ አንድሮይድ ቲቪ ቦክስ አዲስ ቲቪ ከመግዛት ያድንዎታል።

የልጆቹ ጌም ማጫወቻም በዚያው የማሻሻያ ደንብ ይገዛል። ፒኤስ4 ለመጫን ቢዘገይ ውስጡ ያለውን ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ በሳታ ኤስኤስዲ መቀየር ይቻላል፤ ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊሜትር አይብለጥ። ከመንቀልዎ በፊት የተቀመጡትን ጌሞች ደረጃ በፍላሽ ያውጡ። ፒኤስ5 ቦታ ቢያንሰው የኤም.2 ስሎቱ አራተኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ ይቀበላል። ሶኒ የሚመክረው በሰከንድ 5,500 ሜጋባይት የሚያነብና ማቀዝቀዣ ያለው ነው፤ ማቀዝቀዣውን ጨምሮ ቁመቱ ከ11.25 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም።

ሰርቨሩ ራሱ ጌም እንዲያጫውት ከፈለጉ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ መሆኑን አይርሱ። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቅ፣ ከስሎቱ ብቻ የሚመገብ የግራፊክስ ካርድ ይምረጡ፤ ስሎቱ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ አጭር ቁመት ጂቲኤክስ 1650 የተለመደ ምርጫ ነው። ኬዝዎ ውስጥ የሚገባበትን ርዝመት በማስመሪያ ለክተው ይሂዱ።

ደረጃ 10፦ ለመብራት መጥፋትና ለዲስክ ሞት ይዘጋጁ

መብራት በጠፋ ቁጥር በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ ግድ ነው። ሰርቨሩንና ራውተሩን ብቻ ይሰኩበት፤ ቲቪውን አይጨምሩ። በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ዓይነት ከሆነ ባትሪው ሲያንስ ኮምፒውተሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ያዝዙት። ባዮስ ውስጥ ደግሞ ኤሲ ሪከቨሪ ወይም አፍተር ፓወር ሎስ የሚለውን ማብራት ላይ ያድርጉት፤ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ሰው ሳይነካው ይነሳል።

ስለ ቆጣሪው አይስጉ። እንዲህ ያለ ማሽን ሥራ ሳይበዛበት 20 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ወሩን ሙሉ ቢበራ ከ15 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቅጂ ይኑርዎት። አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ ቪዲዮ የለም ብለው ይቁጠሩት። የቤተሰቡን ቪዲዮዎች ሦስት ቦታ ያስቀምጡ፦ አንዱ ሰርቨሩ ላይ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ባለ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ከቤት ውጭ። ለእኛ ሦስተኛው እህቴ ቤት ነው። በየስድስት ወሩ እየሰኩ መከፈቱን ይፈትሹ። ፊልሞቹን ካጡ ሌላ ቀን ይገኛሉ፤ ሙሉ ጥንቃቄዎን ለቤተሰቡ ፎልደር ይስጡት።

ችግር ሲገጥምዎት

• ቲቪው ሰርቨሩን አያገኘውም፦ ሁለቱ አንድ ራውተር ላይ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ አይፒውንና 8096ን በእጅዎ ይጻፉ።
• ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፦ ቲቪው የቪዲዮውን ዓይነት አያውቀውም። ዳሽቦርዱ ላይ ትራንስኮድ እያደረገ መሆኑን ይዩ፤ ካልሆነ አፕሊኬሽኑ ላይ ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ።
• ሲጫወት በየደቂቃው ይቆማል፦ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ፕሮሰሰሩ ከሞላ ወደ ደረጃ 5፣ ካልሞላ ወደ ደረጃ 8 ይመለሱ።
• ኮምፒውተሩ ራም ከተጨመረ በኋላ አልነሳ አለ፦ ነቅለው አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አልገባም።
• ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል፦ ማጫወቱን ያቁሙ፤ ወዲያው የቤተሰቡን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።

የመጨረሻው ፈተና

ሥራውን ጨረስኩ ለማለት ቲቪው ላይ ሥዕል መምጣቱ አይበቃም። በቤትዎ ካሉት ሁሉ የተጎዳውን ቪዲዮ መርጠው፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይነኩ ያጫውቱት። እኛ ያደረግነው እሑድ ከሰዓት ነበር። ቡናው ተፈልቷል፤ እህቴ ከልጆቿ ጋር መጥታለች። ሙሽሮቹ ከመኪናው ሲወርዱ ሁላችንም ዝም አልን፤ የዲቪዲው ልማድ ነው፣ የሚቆምበትን ቦታ በቃላችን እናውቀዋለን። እልልታው ቀጠለ። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ አያቴ ሙሽሪትን ግንባሯን ስማ ስትመርቃት ይታያል፤ የእህቴ ልጆች ቅድመ አያታቸውን ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።